ሳህንህን አትገልብጠው

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤

ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህስ? አሁንም ቀኙ ነው የሚብሰው ወይስ ግራውም ተከተለው? እንቅልፍህ፣ ዓይንህ፣ የሰዓቱን ጥቃቅን ጥርሶች ሳይሳሳቱ የሚለዩት ጣቶችህ እንዴት ናቸው? ባለቤትህስ ወገቧን ተሻላት? ደረጃውን ስትወጣና ስትወርድ እንደምትውል ስለማውቅ ነው የምጠይቀው። እኔ ደህና ነኝ። ሳሉ ለቆኛል፣ ስኳሬ ልኩን ይዟል፣ ልጄም ሥራዋ ላይ ናት። ያልተስተካከለ ነገር ቢኖር ነፋስ በመጣ ቁጥር የሚንኳኳው የጓዳው መስኮት ብቻ ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስፈለገ እንደምትል አውቃለሁ። ምክንያቱ አንተው ነህ። ስለ መርፌው አፌን በከፈትኩ ቁጥር «መስመሩ ተበላሸ፣ አይሰማኝም» ትልና ስልኩን ለባለቤትህ ታቀብላለህ። እርሷ ስትይዘው መስመሩ ወዲያው ይስተካከላል። ወረቀት መስመሩ አይበላሽም። መነጽርህን አድርግና እስከ መጨረሻው አንብበው፤ መሐል ላይ ትተህ ለባለቤትህ እንዳታቀብላት።

ነገሩን በቅደም ተከተሉ ላስቀምጠው። የአጥንት ሐኪሙ ክብደትህ ካልቀነሰ ጉልበትህ ላይ ቢላ አላሳርፍም ብሎሃል። ሌላው ሐኪምህ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወጋ የክብደት መቀነሻ መርፌ አዘዘልህ። ጀመርከው፣ አስመለሰህ፣ «ይህ መርዝ ነው» ብለህ ተውከው። ከዚያ ወዲህ ፎቅ ላይ ወዳለው መሥሪያህ ወጥተህ አታውቅም። ባለቤትህ የሰው ሰዓት በቅርጫት እያወረደችልህ፣ አንተ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ትጠግናለህ። የዛሬ ዓመትም እዚያው ጠረጴዛ ሥር ጉልበትህን እያሸህ እንዳላገኝህ ነው ይህን የምጽፈው። ጉልበት እስኪቆለፍ ከተጠበቀ ሐኪሙም የሚሠራው ነገር ያጥራል።

እኔም ያንኑ መርፌ እንደምወጋ አልነገርኩህም ነበር። መደበቄ አይደለም፤ የሆዴ ጉዳይ ለወሬ የሚበቃ ስላልመሰለኝ ነው። ስኳሬም ክብደቴም አብረው ስለወጡ ነው የታዘዘልኝ። ያዘዘችልኝ ሐኪም በዕድሜ የልጄ እኩያ ናት፤ ግን መጠየቅ ታውቃለች። ወረቀቷ ላይ አንዲት ቃል ከመጻፏ በፊት ቆሽቴን ታምሜ እንደማውቅ፣ የሐሞት ጠጠር እንዳለብኝ፣ ለስኳሬ ሌላ ምን እንደምወስድ ጠየቀችኝ። ከቤተሰባችን አንገቱ ላይ ባለው ዕጢ ነቀርሳ የያዘው ሰው አለ ወይ ስትለኝ፣ እንቅርት የነበረባት አክስታችንን አነሣሁላት። «በምን ሞቱ?» አለችኝ። ዘጠና ዓመት ከእንቅርቷ ጋር ኖራ፣ ከእንቅርቷ ጋር በእርጅና ሞተች አልኳት። ሳቀች፤ እንቅርት ሁሉ ነቀርሳ እንዳልሆነም ነገረችኝ፤ ግን ጻፈችው፣ አንገቴንም ዳሰሰች። አንተን ሐኪምህ ይህን ጠይቆህ እንደሆነ አላውቅም። ካልጠየቀህ አንተው ንገረው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል የሰማነው በከንቱ አይደለም።

መርዝ ነው ላልከው፣ የገባኝን ያህል ላስረዳህ። ምግብ አንጀት ሲደርስ፣ አንጀት ለአንጎል «በቃ፣ ደርሶኛል» ብሎ የሚልከው መልእክተኛ አለው፤ ሆርሞን ይሉታል። መርፌው የዚያ መልእክተኛ አምሳያ ነው። የእኛው መልእክቱን አድርሶ ወዲያው ይጠፋል፤ ይህኛው ሳምንቱን ሙሉ ደጅ ላይ ቆሞ ይውላል። አንጎልን ጠግበሃል ይለዋል፤ ጨጓራንም ቀስ ብለህ አውርድ ይለዋል፤ ስለዚህ ጠዋት የበላኸው እስከ ከሰዓት ሊቆይ ይችላል። ስቡን ቀጥታ አያቀልጠውም። ትንሽ እንድትበላ ያደርግሃል፣ የቀረውን ሰውነትህ ራሱ ይሠራዋል። መጠኑም ከትንሹ ተጀምሮ ቢያንስ ወር እየቆየ ከፍ የሚለው ሆድ እንዲለምደው ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ እንቁላሉን በርግጫ አስኪደው ያለ ሰው የለም።

በርግጫ ያስኬደች አንዲት ሴት ግን አውቃለሁ። እንደምታውቀው በመስኮቱ ሥር ባለችው የእግር ስፌት መኪናዬ የሰው ልብስ ማስተካከሌን አልተውኩም። ድሮ ሰው ቀሚስ ይዞ የሚመጣው ጎኑ እንዲለቀቅለት ነበር፤ ዘንድሮ ሁሉም እንዲጠብለት ነው። ሜትሬን ሳልዘረጋ መርፌውን ማን እንደሚወጋ አውቃለሁ። እኔና ልጄ «ወይዘሮ ጥድፊያ» የምንላት አንዲት ደንበኛ አለችኝ። ለእህቷ ሠርግ የምትለብሰውን ልለካት መስታወት ፊት አቁሜያት፣ ጎኗ ላይ መርፌ ቁልፍ እየሰካሁ ሳለ ፊቷ ዐመድ መሰለና እላዬ ላይ ወደቀች። ውኃ ረጭቼ ስትነቃ ምን እንደወሰደች ጠየቅኋት። መርፌውን ከፀጉር ሠሪዋ ገዝታ፣ ቶሎ እንዲሆን ከትልቁ መጠን ጀምራዋለች። ፀጉር ሠሪዋ ሐኪም ናት ወይ አልኳት። «አይ እትዬ፣ ግን ፍሪጅ አላት» አለችኝ። ሐኪም ቤት ወስደናት ቀናት ተኝታ ወጣች፤ ሠርጉንም በሰፊ ቀሚስ ዋለች። የሐኪም ማዘዣ የሚያስፈልገው ለምን እንደሆነ ከዚያ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላየሁም። አንተ እንኳን በማዘዣ ነው የጀመርከው፤ ያንተ ነገር ሌላ ነው። እርሱን አሁን እነግርሃለሁ።

እኔም መጀመሪያ ላይ ደህና ነበርኩ። መጠኑ ከፍ ሲል ግን ምሳ በበላሁ ቁጥር ያጥወለውለኝ ጀመር። ከዚያ ማስመለስ መጣ፣ በኋላም ውኃ እንኳ አልረጋ አለኝ። አንድ ቀን ልጄ ከሥራ ስትመለስ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጬ አገኘችኝ። «እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ብትለኝ፣ ወለሉ በደንብ መታጠቡን እያየሁ ነው አልኳት። አላመነችኝም። ሐኪም ቤት ወሰደችኝና በደም ሥሬ ፈሳሽ ሰቀሉልኝ፤ እዚያው አደርኩ። ሰውነቴ ውኃ አልቆበት ነበር፤ ትንሽ ቢቆይ ኩላሊቴን ይጎዳው እንደነበር ነገሩኝ።

በማግሥቱ ሐኪሟ ስትመጣ ምሳ ቀርቦልኝ ነበር፤ ሾርባ፣ ሩዝና የተቀቀለ እንቁላል። እግሬ ሥር ቆማ መዝገቤን ስታገላብጥ እኔ እበላ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። «እማማ፣ ርቦዎታል?» አለችኝ። ኧረ አልራበኝም አልኳት። «ታዲያ ለምን ይበላሉ?» አለችኝ። ስላልጨረስኩት ነዋ አልኳት። ይህን ያህል ግልጽ ነገር መጠየቋ ገረመኝ። የመጨረሻዋን ሩዝ ለቅሜ እንዳበቃሁ ሳህኑ እጄ ላይ ወደ ላይ ተነሥቶ፣ ከግንባሬ በላይ ደርሶ አገኘሁት። ሐኪሟ እንደ እብድ ነው ያየችኝ። ቀስ አድርጌ አወረድኩትና ወደ ጎን ዞሬ አስመለስኩ።

አንተ ሳህኑ ምን ሊሠራ እንደተነሣ ታውቃለህ። ለእርሷ ግን ማስረዳት ነበረብኝ። አባታችን የአዳሪ ትምህርት ቤቱ ምግብ አዳራሽ ኃላፊ እንደነበረ፣ እኔና አንተም በመጨረሻው ጠረጴዛ ከተማሪዎቹ ጋር እንበላ እንደነበር፣ ከበሩ በላይ ያለው ትልቁ ሰዓት ሲደውል ሁላችንም ብድግ ብለን ሳህናችንን በራሳችን ላይ እንገለብጥ እንደነበር ነገርኳት። ያስተረፈ ሰው በፀጉሩ ይታወቃል። አንድ ቀን ያንተ የአተር ሾርባ በጆሮህ ሥር ወርዶ አንገትጌህ ውስጥ ሲገባ ልጆቹ ሁሉ «ድብልብል፣ ዝናብ ዘነበብህ?» ሲሉህ፣ አባባ የራሴ ልጅ ነው ብሎ እንዳላየ እንኳ አላለፈህም፤ እንዲያውም ቆመህ እንድትውል አደረገህ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንተ የበላህበት ሳህን ታጥቦ የመጣ ይመስላል። አባባን አልወቅሰውም። እርሱ ልጅ ሳለ ያየውን ረኃብ እኛ አላየንም። ግን እርሱ ለባዶ ሆድ ያወጣውን ሕግ እኔና አንተ ሆዳችን በቃኝ እያለ እየለመነን ስንፈጽመው ኖርን።

ባለፈው ባለቤትህ በስልክ እያዘነች፣ «መርፌውን ሲወጋ ያስመልሰው ነበር፤ ደግነቱ ያቀረብኩለትን አንድም ሳያስተርፍ ነበር የሚጨርሰው» ስትለኝ ከግንባሬ በላይ ያገኘሁት ሳህን ትዝ አለኝ። «እትዬ፣ መስመሩ ተበላሸ እንዴ?» አለችኝ። አልተበላሸም አልኳት።

ስለዚህ መርፌው መርዝ ሆኖብህ አይመስለኝም። መርፌው የሆድህ በር ላይ ዘበኛ አቆመ፤ አንተ ደግሞ በመስኮት ታስገባለህ። ጨጓራህ ቀስ ብሎ በሚያወርድበት ሰዓት ሙሉ ሳህን ከጫንክበት ወዴት ይሂድ? ወደመጣበት ይመለሳል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላልና መርማሪው ሐኪምህ ነው። ሂድና ምን ያህል ትበላ እንደነበር ሳትቀንስ ንገረው። መርፌውን ካቆምክ ስለቆየህ እንደገና ቢያዝልህ እንኳ ካቆምክበት መጠን አትነሣ፤ ከየት እንደምትጀምር የሚወስነው እርሱ ነው። ፍሪጅህ ውስጥ የቀረችውን አውጥተህ በራስህ ፈቃድ እንዳትወጋት። ሆድህን ከላይ በኩል ጠንካራ ሕመም ይዞህ ወደ ጀርባህ ቢሄድና አልለቅ ቢልህ ግን ይህንን ደብዳቤ ስታነብ አትቆይ፤ ሐኪም ቤት ሂድ። የቀዶ ጥገናውም ቀን ሲቆረጥ መርፌውን እንደምትወጋ ለአጥንት ሐኪሙም ለማደንዘዣ ሰጪውም ቀደም ብለህ ተናገር። ጨጓራህ ምግብ ይዞ ከቆየ፣ ተኝተህ ሳለ ወደ ሳንባህ ሊገባ ይችላል። ይህን ያለችኝ ሐኪሟ ናት፤ ሁለት ጊዜ ደጋግማ ስላለችኝ እኔም ሁለት ጊዜ እንዳልኩህ ቁጠረው።

መተው እንዴት እንደሚለመድ ደግሞ ከእኔ ስማ፤ ይህንን ሐኪም አያውቀውም። ልጄ የሻይ ሳህን የምታህል ሳህን ገዛችልኝ። ከእርሷ ላይ መጀመሪያ እንቁላሉን ወይም ባቄላውን እበላለሁ፤ ስብ ሲቀንስ ጡንቻም አብሮ እንዳይሄድ ነው ይላሉ። ውኃ በየመሐሉ እጎነጫለሁ። «በቃ» የሚለው ድምፅ ሲመጣ፣ ማንኪያዬ አፌ ደርሶ ቢሆን እንኳ አስቀምጠዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ሩዝ ትቼ ስነሣ፣ አባባ በሩ ላይ የቆመ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ። ያቺ ሩዝ እስኪመሽ ስታየኝ የዋለች መሰለኝ። ማታ ሞቅ አድርጌ በላኋት። አባባ የሚጠላው ምግብ ሲጣል ነበር፤ ክዳን ባለው ሳህን ለራት ቢቀመጥ ምን ይል እንደነበር አናውቅም፤ ማናችንም ጠይቀነው አናውቅም። አሁን ጎኔ ቀንሷል፣ ደረጃ ስወጣ መሐል ላይ አልቆምም። ብተወው ክብደቱ ሊመለስ እንደሚችል ተነግሮኛል፤ ስለዚህ እስከ መቼ እንደምወጋ በየጊዜው ከሐኪሟ ጋር እንነጋገራለን።

ባለቤትህን በጣም ሳምልኝ። «በሞቴ፣ አንድ ጭልፋ ብቻ ልጨምርልህ» ስትልህ እምቢ ማለት እንደማትችል አውቃለሁ፤ ስለዚህ ለምናት፣ መሞቷን ለሌላ ጉዳይ ታቆየው። ትንሽ ብታቀርብልህ ፍቅሯ እንዳልቀነሰ እኔ ምስክር ነኝ። ለትልቁ ልጅህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ የላከልኝ ሹራብ ልክ ነው፣ እጅጌውን ብቻ አሳጥሬዋለሁ። ለምራትህ እንኳን ማረሽ በልልኝ፤ ሕፃኑን ግንባሩን ሳምልኝ። ጎረቤትህን ፀጉር አስተካካዩን እንዴት ነህ በልልኝ፤ ፍሪጅ ካለው ግን ራቀው። ልጄ እጅህን ትስማለች፤ «አጎቴ ስልኩን ለሚስቱ ማቀበል ይተው» ብላለች።

የአዳራሹ ሰዓት ፎቅ ላይ እንዳለ አልረሳሁም። አባባ ጡረታ ሲወጣ የሰጡትን፣ እኔም እንድትጠግነው የላክሁልህን ማለቴ ነው። በቅርጫት አይወርድም፣ ባለቤትህም አትችለውም። ስለዚህ የሚጠገነው አንተ ወጥተህ በደረስክበት ቀን ነው። እስከዚያ ሳህንህን ሳትገለብጥ ተነሣ። ሰዓቱ እንደሆነ ቆሟል፤ አይደውልብህም።

ታላቅ እህትህ

ከመስኮቱ ሥር፣ ከመኪናዬ ጠረጴዛ
ኅዳር ፲፬ ቀን