ነፋስ የሌለበት ጸደይ

ተርስደይ ደሴት፣ እሑድ ከሰዓት

ለታላቋ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንዴት ነሽልኝ? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ያ የምታሳድጊው ክፉ ውሻ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? ጉልበትሽስ? ጉልበትሽን ያለ ምክንያት አልጠየቅሁም፤ ዝቅ ብለሽ ታገኚዋለሽ። እኛ ደህና ነን፣ መተንፈስ ደህንነት ከሆነ። ታሊታ አሥራ ሁለት ዓመት ሞላት። የላክሽላት ቀሚስ ልክ ሆናት፤ ሳትለኪያት እንዴት እንዳወቅሽ ገረመኝ።

የትምህርት ቤቷ የቀን መቁጠሪያ ይህን ወር ጸደይ ይለዋል፤ ሹራብ የለበሰች ልጅ አበባ አቅፋ ተሥላበታለች። ሹራብ! አንቺ እዚህ ተወልደሻልና የኛን ጸደይ አልነግርሽም፤ ዘንድሮ ግን ባሰበት። ከፋሲካ ጀምሮ በር ሲያላጋ፣ ልብስ ከገመድ ላይ ሲነጥቅ የከረመው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ የዛሬ ሦስት ሳምንት ድንገት ቀጥ አለ። ባሕሩ ድስት ውስጥ እንዳለ ዘይት ተኝቷል። ከሰዓት በኋላ በሰሜን፣ በኒው ጊኒ በኩል፣ ደመናው ይቆለልና ያጉረመርማል። እኛም ቀና ብለን እናያለን፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ማንጎው ቆርቆሮው ላይ ይወድቅና እዚያው ይበሰብሳል። ሰው ሁሉ ግልፍተኛ ሆኗል። ትናንት ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጥላ ያለውን ቦታ ለኔ ለኔ ብለው ተጣልተው ገላገልናቸው።

እኔን የሚያፍነኝ ግን ሙቀቱ ብቻ አይደለም። ዕዝራ ከሞተ አራት ዓመት ሆነ። የመቃብር ድንጋዩ ከመርከብ ከወረደ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ እስካሁን በሸራ ተጠቅልሎ ከቤታችን ሥር፣ ቤቱን ከፍ አድርገው ከያዙት ቋሚዎች መሐል ተቀምጧል። ታሊታ ብስክሌቷን ታስደግፍበታለች። ድንጋዩ መቃብሩ ላይ ቆሞ፣ የሚሸፈንበት ጨርቅ ሁሉ ተነሥቶ፣ ተበልቶ ተጨፍሮ ካልተገለጠ ባሌ ገና አልተሸኘም። እሱ ካልተሸኘ ደግሞ እኔ ወዴት እሄዳለሁ? ጥቁር ለብሼ በአማቴ ቤት፣ በአማቴ ወንበር ተቀምጬ የአማቴን ሬዲዮ እሰማለሁ። ታሊታ አያቷን «አካ» ስለምትላት ለሁላችንም አካ ሆናለች፤ ደሴቱ ሁሉ እሷን ሳያስፈቅድ የማያስነጥስ ይመስለኛል።

አንቺ በየደብዳቤው «ነዪ፤ ልጅቷን ይዘሽ ነዪ፤ እዚህ ካይርንስ ከተማ ጥሩ ትምህርት ቤት አለ፣ ሁለት ክፍል ይዤ ብቻዬን ተቀምጫለሁ» ትይኛለሽ። እኔም «ድንጋዩ ሳይገለጥ እንዴት ብዬ?» እልሻለሁ። ካቻምና የጀልባ ሞተር ተበላሸ ተባለ። አምና ዘመድ ሞቷልና ነውር ነው ተባለ። መገለጡ ደግሞ የሚሆነው ነፋሱ ጸጥ በሚልበት በዚህ ወቅት ብቻ ነው። ከገና በኋላ የሰሜን ምዕራቡ ዝናብ ሲገባ ከሩቆቹ ደሴቶች በትንሽ ጀልባ ማን ይመጣል? ለግብዣው የሚታረደው የባሕር ኤሊም እንደ ልብ የሚገኘው አሁን ነው። ይህ ወር ካለፈ ዓመት አለፈ ማለት ነው።

ዛሬ ከጸሎት በኋላ ቤተሰቡ በረንዳችን ላይ ተሰበሰበ። የዕዝራ ወንድም ጌታኖ ላቡን በኮፍያው እየጠረገ «ኤሊው ወንዱም ሴቱም ተጣብቆ ይንሳፈፋል፤ እኔን እንኳ አላፈረኝም! አሁን ካልሆነ መቼ ሊሆን ነው?» አለ። ሁሉም ወደ አካ ዞረ። እኔም እንደ ወትሮዋ ታራዝመዋለች ብዬ ተማምኜ ተቀመጥኩ። ምን ብትል ጥሩ ነው? «ይገለጥ። በኅዳር ሁለተኛው ቅዳሜ። ይቺ ልጅ ጥቁር ለብሳ አራት ዓመት ጠበቀች፤ ከእንግዲህስ ግፍ ነው።»

እትዬ፣ ስለምነው የኖርኩት ነገር ተሰጠኝ። እኔ ግን «አይሆንም» አልኩ። በነሱ ቤተሰብ ደንብ የመጀመሪያውን ጨርቅ የምታነሣው የሚስትየዋ ታላቅ እህት ስለሆነች፣ «እህቴ መምጣት አትችልም፤ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ትደረጋለች፣ እስከ መጋቢት አትራመድም» አልኳቸው። ጌታኖ ኮፍያውን ወረወረ። አካ ሰሌኗን አንሥታ ወደ ውስጥ ገባች።

ስለዚህ ጌታኖ ከደወለልሽ እውነት ነው በይልኝ። ለምን እንደዋሸሁ አትጠይቂኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለታችንም አፋችንን የዘጋንበት ነገር ነው፤ ደንባችንም ዝም በሉ ይላል።

ሐሙስ

ደብዳቤውን አልላክሁትም፤ ቦርሳዬ ውስጥ ሆኖ አብሮኝ ዞረ። ጉልበትሽ ዝነኛ ሆኗል። ትናንት ቤተ ክርስቲያኑ ሙሉ ቆሞ ጸለየለት። አንዲት አሮጊት የሚታሽ የኮኮናት ዘይት በጠርሙስ አምጥታ «ለእህትሽ ላኪላት፤ ሲያሹት ወደ ላይ ነው በያት» አለችኝ። ተቀበልኳት፤ ምን ላድርግ? ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔ እያደር ከበደኝ።

ዛሬ ጠዋት አካ ከቤቱ ሥር ጥላው ላይ ሰሌን ስትሠራ ጠራችኝና ቁጭ በይ አለችኝ። ቀና ሳትል «ዕዝራን የወለድኩት እኔ አይደለሁም» አለች። «የወለደችው የባሌ እህት ናት። ጌታኖ ገና ሳይወለድ፣ ልጅ አጥቼ ሳለቅስ እቅፌ ላይ አስቀምጣው ሄደች። እኔም ያቺን ሴትዮ አሥር ዓመት ሸሸኋት፤ እሷ ባለችበት ሠርግ እንኳ አልሄድኩም። ዕዝራን ይዤ የሄድኩት ስትሞት ነው። ምን አተረፍኩ? ልጁ እጄን ይዞ ሄደ፣ እጄን ይዞ ተመለሰ። እሷ ብቻ ሳታየው ቀረች።» ቀጥላም «በይ አሁን፣ የእህትሽ ጉልበት ምኑን ነው የሚያመው?» ብላ የሰሌኑን ጫፍ በጥርሷ ቆረጠችው።

አለቀስኩ። እትዬ፣ ልንገርሽ፤ «ተባለ» ያልኩሽን ሁሉ ያልኩት እኔ ነኝ። የአምናውን የዘመድ ሞት ለአካ ያስታወስኳት እኔ ነኝ። የሞተሩም ሰበብ የኔ ነው፤ በሦስት ቀን ተጠግኖ ነበር። እሷ የተናገረችው እኔ የሰጠኋትን ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ አሰረችኝ እያልኩ በልቤ ረገምኳት።

ለጌታኖ «ጉልበቷ ድኗል» አልኩት። «የጸሎት ኃይል!» ብሎ አፌዘብኝና ጀልባውን ሊያይ ወረደ። ነፋሱ አሁንም የለም። ብዕሩ ከጣቴ እየተሙለጨለጨ ነው የምጽፍልሽ።

እንግዲህ ከደወለልሽ እመጣለሁ በይው። ከዋዜማው፣ ዓርብ ነዪ። ከአውሮፕላን ወርደሽ ከሆርን ደሴት በጀልባ ስትሻገሪ፣ ታሊታን ይዤ ወደቡ ላይ እጠብቅሻለሁ። ከዚያ በኋላ ካንቺ ጋር ካይርንስ እንመጣለን ብዬ አልምልልሽም። ፈርቻለሁ። አካ የነገረችኝን ሁሉ ሰምቼ እንኳ ፍርሃቱ አልለቀቀኝም።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ባሕሩን እስክትሻገሪ እንዲሁ ያቆይልሽ። የሰጠሽውን የማይረሳ አምላክ በሰላም ያገናኘን።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ከጀልባው ስትወርጂ ቶሎ አትሳቂ። ሰው ሁሉ እዚያ ይቆማል፣ ታሊታም አንቺን አንቺን ታያለች። አንቺ ስትስቂ ምን እንደምትመስዪ አታውቂውም፤ እኔ በየቀኑ አየዋለሁ። እጇን አጥብቄ እስክይዝ ድረስ ታገሺኝ።

ታናሽ እህትሽ፣
የታሊታ እናት