ይፍረስ ያለው ወንድሜ

ጥቅምት 4

አንድ ቀሚስ አጠበብኩ፤ ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ። የስፌት መኪናዬ ቀበቶ ዛሬም ወለቀ። ጠርዝ የምትሰፋልኝ ሠራተኛዬ፣ ዘምዛሚዬ፣ ጥርሷን አሟት ቀኑን ሙሉ ትንፍሽ ሳትል ዋለች... ይቅር ይበለኝና ደስ አለኝ። ጸጥ ያለ ሱቅ እወዳለሁ።

አመሻሹ ላይ አፈ ጉባኤው ከተፍ አለ። ወንድሜን ማለቴ ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ አፉን ከፈታ ጀምሮ ዘግቶት አያውቅም። ሳምንቱን ሙሉ ጂኦግራፊ ሲያስተምር ይውልና፣ አልበቃው ብሎ ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሽ ሄዶ ይከራከራል። የኮቱ ቁልፍ ተበጥሶ ነው የመጣው።

"እትዬ፣ አንድ ቅዳሜ እንኳ መጥተሽ ስሚኝ።"

"ቤቴ በነጻ እየሰማሁህ?"

"እዚያ እኮ የራሴን ሐሳብ አይደለም የምናገረው። ዕጣ ይወጣል፤ የደረሰሽን ወገን ይዘሽ ትሟገቻለሽ።"

"የማታምንበትን? እሱማ ውሸት ይባላል።"

"አይባልም። የሌላውን ሰው ሐሳብ በገዛ አፍሽ ስትሞክሪው ነው ክብደቱ የሚገባሽ።"

ቁልፉን ተከልኩለት። መልስ ብሰጠው መቼ ሊያበቃ? እናታችን ሞታ በሰባት ዓመቱ እጄ ላይ ሲቀር የጀመረው ወሬ ነው፤ እስከ ዛሬ አላለቀም።

ጥቅምት 7፣ ቅዳሜ

ሄድኩ። ምን ነካኝ?

የተዘጋ ሲኒማ ቤት ነው፤ አዳራሹ ከላይ ፎቁ ላይ። ወንበሩ ከየቤቱ የተለመነ ይመስላል፤ አንዱ ከሌላው አይገጥምም። ሰዉ ግን ጢም ብሏል። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ናቸው። ተነሥተው "እዚህ ቤት የሚያስቀጣው ሰዓት ማሳለፍ ብቻ ነው" አሉ። ሁልጊዜ እንዲህ ብለው ነው አሉ የሚጀምሩት። ወደድኳቸው።

ርዕሱ፦ የከተማው ምክር ቤት ይፍረስ ወይስ ይቆይ? ወንድሜ ዕጣውን ከፍቶ ሲያይ ፊቱ ቅጭም አለ። "ይፍረስ" ደርሶታል። እሱ እኮ እራት በቀረበ ቁጥር "ክፉም ቢሆን ምክር ቤት ይኑር፤ ከሌለ ማን ላይ እንጮሃለን?" የሚል ሰው ነው። አሁን ተገልብጦ ሊናገር...

ተናገረ። "ስለ ውሃችን አራት ቀን ሙሉ ተወያዩ። አራቱንም ቀን የጠጡት የጠርሙስ ውሃ ነው። ቢፈርሱ እኛ ምን ይቀርብናል? የሚከስረው ባለ ጠርሙሱ ነው።" አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እኔም ሳቅኩ። ኮራሁ። እውነቱን ልጻፍ፣ እንባዬም መጣ። ያሳደግኩት ልጅ ነው።

"ይቆይ" የደረሳት ነርስ ተነሥታ መግቢያ መውጫ አሳጣችው። እሱም ከሁሉ በላይ አጨበጨበላት። ሲያበቃ እየተሳሳቁ ደረጃውን ወረዱ። ከሰደቡት ሰው ጋር አብሮ መውረድ... አላየሁም ነበር እንዲህ ያለ ነገር።

ጥቅምት 10

አንዱ በስልኩ ቀርጾታል። የጠርሙሷን ብቻ ቆርጦ ለቀቃት። ዕጣው የለ፣ ነርሷ የለች፣ ርዕሱ የለ። ወንድሜ ብቻ፣ ጣቱን እየቀሰረ "ቢፈርሱ ምን ይቀርብናል?" ይላል። ደንበኞቼ እየመጡ "ይሄ ያንቺ ወንድም አይደል?" እያሉ አሳዩኝ። ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ካፍ ከወጣ አፋፍ...

ጥቅምት 12

ወሰዱት። ከክፍል ውስጥ፣ ተማሪዎቹ ፊት። የሂሳብ አስተማሪው ጓደኛው እየሮጠ መጥቶ ነገረኝ። "ሕዝብ በማነሳሳት" አሉት አሉ። ምን ብሎ ነው ያነሳሳው? የጠርሙስ ውሃ ብሎ?

ጥቅምት 13

ፖሊስ ጣቢያ ዋልኩ። ብርድ ልብሱን ተቀበሉኝ፤ እሱን ግን አላሳዩኝም። በር ላይ ያለው ፖሊስ "እህቴ፣ ምላሱን በልጅነቱ ብትይዢለት ኖሮ እዚህ አትቆሚም ነበር" አለኝ። እኔው ራሴ ስንቴ ብዬዋለሁ ይህን። ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ እንዴት ያስጠላል።

ጥቅምት 16

ጠበቃ አገኘሁ። ወጣት ናት፤ ጫማዋ ያለቀ ነው፣ አእምሮዋ ግን ስል። ነገሩ ቀላል ነው አለች። "ያመነበትን አይደለም የተናገረው። ዕጣ ደርሶት ነው። ይህን የሚያስረዳ አንድ ምስክር ካቀረብን ይለቁታል።" ሰብሳቢውን እንድጠይቅ መከረችኝ። ተመስገን። ዛሬ እህል ቀመስኩ።

ጥቅምት 18

ሰብሳቢው መልእክቴ ደርሷቸው ሱቅ መጡ። ሱሪ ይዘው። "ትንሽ አሳጥሪልኝ" ይላሉ፣ ዓይናቸው በሩ ላይ። ሱሪው ልካቸው ነው።

"ልጄ፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ" አሉ በሹክሹክታ። "የምኖርበትም ቤት የመንግሥት ነው።"

"ጋሼ፣ ዕጣ ነበር ማለት ብቻ እኮ ነው።"

"ዕጣ ነበር ስል ርዕሱን ማን አወጣው ይሉኛል። ያወጣሁት እኔ ነኝ።"

ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያናግሩ የኖሩ ሰው፣ ሱሪ ተሸክመው ዝም አሉ። ጠላኋቸው። ወዲያው ደግሞ አሳዘኑኝ። ሲወጡ ግን ንዴቱ በለጠና ሱሪውን አራት ጣት አሳጠርኩት።

ጥቅምት 21፣ ቅዳሜ

በአዳራሹ በኩል አለፍኩ። "ለእድሳት ተዘግቷል" ይላል። ያ ሁሉ ተናጋሪ የት ገባ? ነርሷን መንገድ ላይ አየኋት። አየችኝና መንገዱን ተሻገረች። ወደ እኔ መስሎኝ ነበር... ወደ ማዶ ነው።

ጥቅምት 24

አስገቡኝ። ከስቷል። በሽቦው ማዶ ሆኖ መጀመሪያ የጠየቀኝ የዘምዛሚዬን ጥርስ ነው።

የምሥራቹን ነገርኩት። እኔ ራሴ እመሰክርልሃለሁ፤ ያን ቀን ነበርኩ፤ ዕጣውን ስትከፍት አይቻለሁ፤ ትወጣለህ።

"አይሆንም፣ እትዬ።"

"ምን ማለት ነው አይሆንም?"

አብሮት የታሰረ የገበያ ተሸካሚ አለ። የወንድሜን ንግግር በሰው ስልክ አይቶ፣ ውሃ ወረፋ ላይ "ልክ ነው፣ ይፍረስ" ብሏል። ጥፋቱ ይኸው ነው። ጠበቃ የለውም፤ ጠያቂም የለው። ሚስቱና ልጆቹ ሩቅ ናቸው።

"እኔ ዕጣ ነው ብዬ ብወጣ እሱ ምን ሊል ነው? እሱ ዕጣ አልደረሰውም። አምኖበት ነው የተናገረው። የኔ ጨዋታ ነበር ማለት፣ የምሩን የተናገረ ይታሰር ማለት ነው።"

"ያሳደግኩት አንተን ነው። ተሸካሚውን አላሳደግኩም።"

"አውቃለሁ።"

"እንግዲያው ለአንድ ቀን ዝም በልልኝ።"

ሳቀ። ሳቁ ግን የድሮው አይደለም። ተነሥቼ ወጣሁ፤ ደህና ዋልም አላልኩት።

ጥቅምት 25

"የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" ይባላል። ይህን ያለው ሰው ወልዶ አያውቅም።

ጥቅምት 29

እመሰክራለሁ። ወደደም ጠላም። ይጥላኝ... ቤቱ ተኝቶ ይጥላኝ።

ኅዳር 3

መሰከርኩ። ከሱቄ ውጭ ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም። ግን ዕጣውን፣ ርዕሱን፣ ነርሷን፣ ጭብጨባውን ሁሉ ተናገርኩ። እራት ላይ የሚለውንም አልተውኩም። ዳኛው ይጽፉ ነበር። ጠበቃዋ በዓይኗ "ጎሽ" አለችኝ። አበቃ ብዬ ተነፈስኩ።

ዳኛው ወደ እሱ ዞሩ። "እህትህ የተናገረችው እውነት ነው?"

"እውነት ነው። እህቴ አትዋሽም።"

"ስለዚህ ይፍረስ ያልከውን አታምንበትም።"

ዝም አለ። ወንድሜ ተጠይቆ ዝም ሲል ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ከኋላ ወንበር ላይ ትከሻው የሰፋ ሰው በካቴና ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። ወንድሜ ዞሮ አየው። ያኔ ገባኝ። በልቤ "ተው" አልኩት... በልቤ ብቻ።

"ያን ቀን ዕጣ ነበር" አለ። "ዛሬ አምንበታለሁ።"

ጠበቃዋ ወረቀቷን ዘጋች።

ኅዳር 4

ውሸቱን ነው። ከተወለደ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ሲዋሽ አንገቱን ያካል። አከከ። ምክር ቤቱ እንዲፈርስ ዛሬም አይፈልግም። እዚያ አዳራሽ ዕጣ ነበር ወገን የሚሰጠው፤ ይቺን ግን ራሱ መረጣት። የማያምንበትን ተናግሮ ከማያውቀው ሰው ጎን ቆመ። እኔንስ? እኔን ማን ጎን አቆመኝ?

መቀሱን ወረወርኩት። ዘምዛሚዬ አንስታ አቀበለችኝ።

ኅዳር 10

አንድ ዓመት ከስድስት ወር።

ኅዳር 13

ሱቁ ጭር ብሏል። ደንበኞቼ ያልተቆረጠ ጨርቃቸውን ሳይቀር እየመጡ ወሰዱ። "አይዞሽ" የሚሉም አሉ፤ በሹክሹክታ። ዛሬ ሁሉም ሰው በሹክሹክታ ነው የሚያወራኝ፤ በሽተኛ ያለበት ቤት መሰለ።

ከሰዓት ልጠይቀው ሄድኩ። ስለ ፍርዱ አላነሳም። እኔም አልሰደብኩትም፤ ልሰድበው ነበር የሄድኩት።

"ሐሙስ የተሸካሚው ቀጠሮ ነው" አለ። "ማንም የለውም። ሄደሽ ተቀመጪለት።"

"ተቀምጬ ምን ላደርግለት?"

"ምንም። ዞር ሲል ሰው ይይ።"

ኅዳር 19፣ ቅዳሜ

ዛሬ ጠዋት ለቀቁኝ። ሳልረሳው ልጻፍ።

ሐሙስ ሄድኩ። የሕዝቡ ወንበር ላይ ብቻዬን ነበርኩ። ተሸካሚውን አስገቡት። የኮቱ ብብት ተተርትሯል፤ እኔ መቼም ስፌት ነው የማየው። ዞሮ አየኝ፤ ተነጋግረን አናውቅም።

ዳኛው "ውሃ ወረፋ ላይ ይፍረስ ብለሃል?" አሉት።

"አላልኩም፣ ጌታዬ።"

"ምስክር አለ።"

"አላልኩም፣ ጌታዬ። ልጆች አሉኝ።"

ያ ሁሉ ትከሻ እንዴት እንደዚያ ያንሳል? ሰው በገዛ አፉ የተናገረውን እንደ ሌባ ሲደብቀው ማየት... አልቻልኩም። መቼ እንደ ተነሣሁ አላውቅም። ድምፄን ነው የሰማሁት።

"ቢልስ?"

ዳኛው ቀና አሉ። "ምስክር ነሽ?"

"አይደለሁም።"

"ዘመዱ ነሽ?"

"አይደለሁም።"

"ታዲያ ምን አገባሽ?"

ምን አገባኝ? ይህን ጥያቄ ወንድሜን ስጠይቀው ነው የኖርኩት። "ብሎ እንደ ሆነስ፣ ጌታዬ፣ ምን አጠፋ?" አልኩ። ተቀመጪ አሉኝ። አልተቀመጥኩም። "ምን አጠፋ?" አልኩ ደግሜ። ፖሊሱ ክንዴን ያዘኝ።

ችሎት በመድፈር ሁለት ሌሊት አሳደሩኝ። ፈርቼ ነበር፤ እስካሁንም እየፈራሁ ነው። በተሸካሚው ሁለት ዓመት ፈረዱበት፤ ከወንድሜ ይበልጣል። እኔ በመነሣቴ ይሆን? ማን ይነግረኛል? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ እንደማይሰጠኝ አውቃለሁ።

ፍርዱን ሰምቶ ሲወጣ እኔ ኮሪደሩ ላይ በፖሊስ ተይዤ ቆሜ ነበር። አጠገቤ ሲደርስ ቆመ። ቢጎትቱትም አልተንቀሳቀሰም፤ ጭነት የለመደ ሰው ነው። ሊሰድበኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

"እህቴ" አለኝ፣ ጠባቂዎቹ ሁሉ እየሰሙት፣ "ብያለሁ።"