ደረትህ ላይ የሰካሁት ካሜራ

መጋቢት 9 ቀን፣ ማክሰኞ

ውድ ልጄ፣ ሆዴ፤

እንደምን ከረምክ? ጉንፋን እንደያዘህ የወህኒ ቤቱ ጠባቂ ነግሮኛል፤ ለቀቀህ ወይ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እህትህ ሁለተኛዋን ወልዳለች፤ አፍንጫዋ ቁርጥ አንተን ነው። ይህን ስላት ፊቷን አዞረችብኝ፤ ቆየት ብላ ግን ሕፃኗን አንስታ አሳቀፈችኝ።

ሦስት ደብዳቤ ጽፌ መልስ አላገኘሁም። አልቀየምህም። ግን እኔ ያደረግሁትን ከሰው አፍ ነው የሰማኸው፤ ዛሬ ከእኔ ስማው።

እናንተ ፖሊሶች ደረታችሁ ላይ የምትሰኳቸው ካሜራዎች ሲመጡ ከማንም በላይ የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ። ፖሊስ መምሪያው ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ሳገላብጥ፣ "መታኝ"፣ "አልመታሁትም" የሚለው ንትርክ አንገሽግሾኝ ነበር። ጓደኞችህ "አሁንማ ሽንት ቤትም ልትከተሉን ነው" እያሉ ሲያሾፉ፣ የመጀመሪያውን ካሜራ እኔው በእጄ ደረትህ ላይ ሰካሁልህ። "ከእንግዲህ ማንም በውሸት አይከስህም" አልኩህ። ልጄን የሚጠብቅልኝ ዓይን ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከፈረቃ የተመለሱትን ካሜራዎች ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥ ያንተ ተራ ደረሰ። ሪፖርትህን ቀድሜ አንብቤዋለሁ። "ጫማ ሰፊው በመዶሻ ሊመታኝ ሲል ራሴን ተከላከልኩ" ይላል። ምስሉ ላይ ሰውዬው መዶሻ አልያዘም። ዕቃውን ከመንገድ ዳር እንዲያነሳ ስትጮህበት፣ "እሺ ልጄ፣ እያነሳሁ ነው" እያለ ክሩን ይሰበስባል። ቆመጥህ ሲያርፍበትም "ልጄ" ማለቱን አልተወም።

ከዚያ ምስሉ ወደ መሬት ወረደ፤ ተንበርክከህ ኖሯል። "ተነሱ አባባ፣ ተነሱ" ስትል ሰማሁህ። ቀጥለህ በቀጭን ድምፅ "እማዬ" አልክ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከልጅነትህ ወዲህ እንዲያ ስትጠራኝ ሰምቼ አላውቅም።

አዛዡ ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል። በሩን ዘጋና፣ "እትዬ፣ እነዚህ ዕቃዎች ገና አዲስ ናቸው፤ ይበላሻሉ። እርስዎ ተበላሸ ካሉ ተበላሸ ነው፤ ማንም አይጠይቅዎትም" አለኝ። ለክፋት አይደለም፤ ይወድሃል።

"ሰውዬውስ?" አልኩት።

"ሐኪም ቤት ገብቷል። ይተርፋል።"

ልዋሽህ አልፈልግም፤ ሁለት ቀን ምስሉን ሳልመዘግበው ቆየሁ። ቢተርፍ ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ሚስቱ ዕቃውን ልትረከብ መጥታ መስኮቴ ፊት ቆመች። ማን እንደሆንኩ አላወቀችም።

"እህቴ፣ ባለቤቴ ፖሊስ ሊመታ ነበር አሉኝ። ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። እስቲ የምታውቂው ነገር ካለ ንገሪኝ" አለችኝ።

ዕቃውን አስረከብኳት። ስትሄድ ተቀምጬ ምስሉን መዘገብኩት። ስምህን ጻፍኩ፤ ያኔ ስወልድህ ያወጣሁልህን ስም።

ችሎት ላይ ዘወር ብለህ ያየኸኝ አስተያየት ከዓይኔ አልጠፋም። አጎትህ "እናት እንዲህ ታደርጋለች?" ብሎ ደጄን መርገጥ ትቷል። እኔም ራሴን የምጠይቀው እሱኑ ነው። ሥራውን ለቅቄያለሁ። መልካም አደረግሽ የሚሉኝም አሉ፤ ከእነሱ ጋር መቀመጥ ከአጎትህ ኩርፊያ ይብሳል።

ይቅር በለኝ አልልህም። ይቅር ብዬሃለሁ ለማለትም ሥልጣኑ የእኔ አይደለም፤ የዚያች ሴት ነው።

አራት እሑድ በተከታታይ መጥቼ "አልወጣም ብሏል" ብለው መለሱኝ። በመጪው እሑድም በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። መውጣት ካልፈለግህ ግድ የለም፤ የማመጣልህን ሹራብ ብቻ ተቀበል፣ እጅጌውን አስረዝሜዋለሁ። የመጠየቂያው ሰዓት እስኪያልቅ አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ። ከግንቡ ወዲያ እንዳለህ እያወቅሁ መቀመጡ ይበቃኛል።

አምላክ ልብህን ያሳርፍልህ። የሟቹንም ነፍስ ይማር።

እናትህ