ባለ አንበሳው ሳህን

ጥቅምት 11 ቀን 1988
እሑድ። የተማሪ ደብተር ሳርም ዋልኩ። አብሮኝ የሚያስተምረው አባይነህ መጣ። እማዬ ደስ ሲላት ዕቃ ማሳየት ትወዳለች፤ የፈረንጅ ሳህኖቹን አወጣችለት። አባቴ በጃንሆይ ጊዜ አዲስ አበባ ከአንድ ፈረንጅ የገዛቸው ናቸው። በደርግ ጊዜ “የባላባት ዕቃ” ተብለው እንዳይወሰዱ ጎታ ውስጥ ገብስ ተጭኗቸው ከረሙ። መሐላቸው ላይ የዚያ ፈረንጅ ዘር ምልክት ተስሏል... ጋሻ፣ ከጋሻው በላይ የአንበሳ ራስ። ጎፈር የለውም እንጂ ጥርሱ ያስፈራል።

“አንበሳውን አየኸው ልጄ?”

ትክ ብሎ አየው። “አየሁት እማማ። ደስ ይላል።”

ሰው ማሳፈር አይችልም። በግምገማ መምህሩ ሁሉ ሲበላላ እሱ ማንንም አይነካ። ለዚህ አይደል የወደድኩት?

ጥቅምት 21
የአባይነህ ሽማግሌዎች እሑድ ይመጣሉ፣ ከመርሐቤቴ ቆላ። እማዬ በሳህኖቹ ልታበላቸው እንደሆነ ለአባይነህ ነገርኩት። ፈገግ ብሎ ቶሎ ተሰናበተኝ። ደክሞት ይሆን?

ጥቅምት 25
ምን ብዬ ልጻፍ...

ጠየቁ፣ እሺ ተባሉ፣ ሠርጉ ለጥር 12 ተቆረጠ። እማዬ ለየሰዉ በየሳህኑ ዶሮ አቀረበች። የአባይነህ አጎት ቄስ ወልደ አማኑኤል የመጨረሻዋን ጉርሻ ሲያነሱ ከሥሯ ሥዕሉ ብቅ አለ።

“ይሄ ከርከሮ አይደለም እንዴ?”

“ኧረ አንበሳ ነው አባቴ!” አለች እማዬ።

“ለእኔ ነው የምትነግሪኝ? ማሽላችንን እንዳይጨርስ ማማ ላይ የምናድርለትን አውሬ! ካህን በእሪያ ሳህን ታበያለሽ?”

እኛ ደገኞቹ ከርከሮ የት አይተን? ሁሉም አጎንብሰው ሳህናቸውን አዩ። የአባይነህ አባት “በሉ ቀኑ ይቅር” ብለው ተነሡ። እማዬ እስከ አጥሩ እየለመነች ተከተለቻቸው።

ኅዳር 3
ትምህርት ቤት ከክፍሉ ጀርባ ያዝኩት።

“አውቀህ ነበር?”

“ያን ቀን ሳየው አውቄያለሁ።”

“ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?”

“እናትሽን ማሳፈር ከበደኝ።”

“ለአባትህስ? ሥዕል ነው፣ ሰዎቹ ምን አጠፉ አላልካቸውም?”

ጫማውን አየ። “አባቴ ናቸው፣ የምሥራች... ምን ልበላቸው?”

እናቴን አፍሮ ዝም። አባቱን አፍሮ ዝም። ለእኔስ ማን ይናገር? ደግሞ እወደዋለሁ።

ኅዳር 19
ወደ አገሩ ዝውውር አግኝቷል አሉ። ከሰው ሰማሁ።

ጥር 12
ሠርጌ ዛሬ ነበር። ከማዶ የሌላ ሰው ሠርግ ዘፈን ይሰማል። እማዬ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ፊት መውጣት ትታለች። ሳህኖቹን በጠበል አጥባለች። ዛሬ አንዱን ይዛ ደጃፍ ተቀመጠች።

“ዓይኔ ደክሟል። እስቲ አንቺ እይልኝ... አንበሳ ነው አይደል?”

አየሁት። ጥርሱ ከታች ወደ ላይ ተቆልምሟል። እንዴት እስከ ዛሬ አላየሁትም?

“አንበሳ ነው እማዬ።”

ፊቷ በራ። ሰው አለማሳፈር ቀላል ነው ለካ... እኔም ቻልኩት። አባይነህን ያቃተው ለእኔ አንዲት ቃል መናገር ነው።

ሳህኑን ተቀብያት ሽሮ ጨለፍኩበት። አብረን በላን። ለምን እንደማለቅስ አልጠየቀችኝም።