«በቦታው» ብዬ የጻፍኩት

ይድረስ ለእትዬ፣ እናት ሆነሽ ላሳደግሽኝ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ደረጃውን እሺ ብሎ ያስወጣሽ ጀመር? ዓይንሽንስ ታየሽ ወይ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ጤነኛ ነኝ፤ ውስጤ ብቻ አልረጋ አለኝ። በሥራ ቀን ቤት ቀርቼ፣ ከመስኮት ወደ በር ከበር ወደ መስኮት እያልኩ ነው የምጽፍልሽ።

አምና የመኪና መለዋወጫ ግምጃ ቤታችን ኮምፒውተር ገባለት ብዬሽ አልነበር? አሁን ለሌሎቹ ቅርንጫፎችም ከመገዛቱ በፊት፣ ምን ያህል እንደጠቀመን የምታጠና ባለሙያ ተላከች። ትናንት ሰዓቷን ይዛ አጠገቤ ቆመች። አንድ መካኒክ መጥቶ ኩሽኔታ ሲለኝ ሮጥ ብዬ አመጣሁለትና ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ መዘገብኩ። «ሁለት ደቂቃ! ሲስተሙ ጎበዝ ነው» ብላ ጻፈች። እኛ «ጥድፊያ» የምንለው ያ መካኒክ ሳቀና «እህቴ፣ ኮምፒውተሩ እኮ እሳቸው ናቸው! ማሽኑን የነኩት ዕቃውን ካመጡልኝ በኋላ ነው» አላት። ቀና ብላ አየችኝ። «እንግዲያው ጋሼ፣ ይህን ሳምንት ቤትዎ ይረፉ፤ ያለ እርስዎ እንለካው» አለችኝ።

አልዋሽሽም እትዬ፣ ደስ አለኝ። እስቲ ዋጋዬን ይወቁት ብዬ ወጣሁ። ዛሬ ጠዋት ጸሎት ላይ ቆሜ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና አሜን ሳልል ቁጭ አልኩ። ኮምፒውተሩ ዕቃው የት እንደተቀመጠ ሲጠይቀኝ የመደርደሪያውን ቁጥር አልሞላሁም፤ ሁሉም ላይ «በቦታው» ብዬ ጽፌያለሁ። ቦታውን የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። አለማወቅ ነው ልበል? ወይስ ያለኔ እንዳይሆንላቸው ብዬ? ልቤን ብጠይቀው አቀረቀረብኝ።

ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ መቀስ የት ነው ስላት «በቦታው» ትለኝ ነበር። ካረፈች በኋላ መቀሱን ያገኘሁት በአራተኛው ወር ነው። ስንቱን መሳቢያ ከፍቼ እንዳለቀስኩ አንድዬ ያውቃል። ይህንን ለሌላ ሰው ትቼ ልሂድ?

ስለዚህ ጫማዬን አጥልቄያለሁ። ለአጥኚዋ እውነቱን ነግሬ፣ መደርደሪያ በመደርደሪያ እየዞርኩ ቁጥሩን ልሞላ ነው። ከዚያ ያለኔ ይለኩት። ኮምፒውተሩ ከበቃቸው ቤት መቅረቴ ነው፤ እሱ ያስፈራኛል። ምን ብዬ እንደምለምን ጠፍቶኛልና አንቺ ጸልዪልኝ።

ለትልቋ ልጅሽና ለባሏ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ሕፃኗን ጉንጯን ሳሚልኝ። ለባለቤትሽ ለጋሼም እጅ ነስቻለሁ። መነጽሬ የት ነው ሲልሽ ግን፣ አደራ፣ «በቦታው» አትበይው፤ እጁን ይዘሽ አሳዪው።

ወንድምሽ

ከቤቴ፣ ማክሰኞ ጥር 26 ቀን፣ ረፋድ ላይ