በበዓለ ሃምሳ ስለሚጾመው ጉሬዛ

ለክቡር አቶ አስማማው
የዱር እንስሳት ማሳያችን ሥራ አስኪያጅ
ደብረ ማርቆስ

ክቡርነትዎ ከመላ ቤተሰብዎ ጋር እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ የተሟላ፣ ማዕድዎም የሞላ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ ስለ ማዕድ ያነሣሁበት ምክንያት ወረድ ብሎ ይገለጽልዎታል።

ባለፈው ቅዳሜ ከጎረቤቴ ከወይዘሮ ፈውዚያ ጋር ማሳያዎን ለመጎብኘት በቅቼ ያየሁትን፣ በትሕትና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩ኛ. በር ላይ ትኬት የምትቆርጠው ልጅ ሁለታችንን ከላይ እስከ ታች አይታ «ልጆቹስ?» ስትል ጠየቀችን። ከሃምሳ ባለፈ ዕድሜዬ ልጅ ሳላስከትል እንስሳ ለማየት መምጣቴ እንደሚያስጠረጥር አላውቅም ነበር። አሁን ግን ገብቶኛል፤ ልጅ አይቶ፣ ስቆ፣ ከረሜላውን ልሶ ይሄዳል፤ አዋቂ ግን ደብዳቤ ይጽፋል። ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ።

፪ኛ. በጉሬዛው ቤት ላይ ያሰቀሉት ሰሌዳ «መኖሪያው ረጃጅም ዛፍ፣ ምግቡ ቅጠል» ይላል። አንዲት የፊደል ግድፈት ፈልጌ አጣሁበት። ችግሩ ከሰሌዳው በታች ነው፤ ከአምበር በኩል ከደብር ደን ያስመጡት ያ ጥቁርና ነጭ ካባ የለበሰ ፍጡር፣ ዕድሜውን በዛፍ ጫፍ ኖሮ፣ ዛሬ አንዲት ቅርንጫፍ በሌለበት ሲሚንቶ ላይ የጎድን አጥንቱ እየተቆጠረ ተቀምጧል። በፊቱ የደረቀ ዳቦ አለ።

፫ኛ. ለምን እንደማይበላ ተንከባካቢውን አንሙትን ብጠይቀው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ጉሬዛ እኮ መናኝ ነው። ጾም ላይ ነው» አለኝ፤ ይህንንም ያስረዱት እርስዎ መሆንዎን ጨመረልኝ። አገሬው ጉሬዛን መናኝ እንደሚለው አውቃለሁ፤ እኔም እንዲያ እያልኩ ነው ያደግሁት። ነገር ግን ክቡርነትዎ፣ ያለነው በበዓለ ሃምሳ ነው፤ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ስለዚህ ወይ ጉሬዛው ሥርዓት አፍርሷል፣ ወይ እርስዎ «ርቦታል» የሚለውን ቃል ረስተውታል። ወይዘሮ ፈውዚያ በበኩላቸው «የእኛው ጾም እንኳ ጀምበር ስትጠልቅ ይፈታል፤ ይኼ መቼ ነው የሚያፈጥረው?» ሲሉ አንሙትን ጠየቁት።

፬ኛ. ከአጥሩ ዳር ካለው ሾላ እፍኝ ቅጠል ቀጥፌ በሽቦው ቀዳዳ ባሳልፍለት፣ መናኙ ጾሙን ከእጄ ላይ ፈታ። ሳይጨርስ ግን ጥበቃው ደርሶ «እንስሳቱን መመገብ ክልክል ነው» ብሎ እጄን ይዞ አስወጣኝ። ይህን መመሪያ ከእኛ ከጎብኚዎች በፊት የራስዎ ሠራተኞች በታማኝነት ሲያከብሩት ስለ ቆዩ ሊመሰገኑ ይገባል።

ልመናዬ አንዲት ናት፤ ወይ በየዕለቱ ለጋ ቅጠል ይግባለት፣ ወይ ወደ መጣበት ደን ይመለስ። እንደ ሌላው ጉዳያችን «እየታየ ነው» ቢባል፣ ባለጉዳዩ እስኪታይለት በሕይወት የሚቆይ አይመስለኝም።

ለክቡርነትዎ መልካም ምሳ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት ከአጥሩ ውጭ የቆምኩ፣

አበረ ቢተው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤዬ በጸሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ሳለ ጉሬዛው ቢሞት፣ ቆዳው ያማረ ምንጣፍ እንደሚወጣው ይነገራል። ከቢሮዎ ወለል ላይ ካነጠፉት፣ እኔ ስመጣ ጫማዬን አውልቄ እንድገባ ይፍቀዱልኝ፤ እርስዎ ግን እንደ ለመዱት ይርገጡት።