ልጅ ለአባቷ ቢል አትሰጥም

ለምወድሽ ለበኩር ልጄ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽስ? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተወሽ? ባስ ላይ ቆመሽ አትሂጂ፤ ቦታ ከሌለ የሚቀጥለውን ጠብቂ። እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ግፊት ወርዷል፣ ሐኪሙ መድኃኒቷን ቀይሮላታል። እኔም ደህና ነኝ፤ እንቅልፍ ብቻ ነው እምቢ ያለኝ።

ስልክ ብደውል አታነሺም። ዋትሳፕ ላይ የጻፍኩልሽን አይተሽዋል፣ መልስ ግን የለም። ኬንቲሽ ታውን ቢሮሽ ድረስ መጥቼ ነበር፤ ከታች ያለችው የፀጉር ቤቷ ልጅ አሁን ወጣች አለችኝ። መብራትሽ ግን በርቷል። አልተቀየምኩም። በወረቀት ብጽፍላት ሳታነበው አትጥለውም ብዬ ነው። ማወቅ ያለብሽን አንድ በአንድ ልንገርሽ።

አንደኛ፣ ሐሙስ ፍርድ ቤት ትፈለጊያለሽ። መጥሪያው እስካሁን ደርሶሽ ይሆናል። እንዳትደነግጪ ከሥሩ ልጀምርልሽ። ታውቂዋለሽ፣ ግን በቅደም ተከተል ካልሄድኩ ይጠፋብኛል።

እኔና ስምዖን ከወንዙ ማዶ ላለው ካውንስል አካል ጉዳተኛ ልጆችን በሚኒባስ ትምህርት ቤት ስናመላልስ ስንት ዓመታችን ነው። ጨረታውን ለትልቁ ኩባንያ ሲሰጡብን «አባዬ፣ ነጥብ አሰጣጣቸው ልክ አይደለም፣ እንከራከር» ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔ ካውንስልም መንግሥት ነው፣ ከመንግሥት ጋር ምን አጣላኝ ብዬ ነበር። ሦስት አቤቱታ አቀረብሽ። ሁለቱ ወደቁ፣ አንዱን አሸነፍሽ። ዳኛዋ ካውንስሉ አጥፍቷል አሉ፤ ኮንትራቱ ግን ከኩባንያው ጋር ይቆይ፣ ካውንስሉ ከጠበቃ ወጪያቸው ሲሶውን ይክፈላቸው አሉ። ስምዖን ኮሪደሩ ላይ «እንግዲህ ሲሶ መኪና ይስጡንና እንንዳ» ሲል ሁላችንም ስቀን ነበር።

ነገሩ የተበላሸው እዚያው ኮሪደር ላይ ነው። አንቺ ዳኛዋ ፊት ቆሞ የተከራከረልንን ባሪስተር ልትሸኚ ስትወርጂ የካውንስሉ ጠበቃ፣ ያቺ ሽበታሟ ሴት፣ መጥታ ጨበጠችኝ። ብዙ ወጪ አውጥተው መሆን አለበት አለችኝ። ምን ልበላት? ልጄ ታስከፍለኛለች ልበል፣ በሰው ፊት? «ልጄ እኮ ናት፤ ልጅ ለአባቷ ቢል አትሰጥም» አልኳት። ደረቴን ነፍቼ ነው ያልኳት። እንዴት ደስ ይላል ብላ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። ከዚያ ያችኑ ቃሌን ጽፋ ላከችብን። ሰው ክፈል ያልተባለውን ወጪ ተኩልኝ ማለት አይችልም፤ ከጠበቃችሁ ጋር የተፈራረማችሁት ውል ካለ አሳዩን አለች።

እንዲህ ያለ ሕግ መኖሩን እኔ በምን ላውቅ? አንቺ ግን ታውቂ ነበር፤ ይሄን ሳልነግርሽ አላልፍም። ውሉን ይዘሽ የመጣሽ ቀን «አባዬ፣ ፕሊዝ፣ ለፎርማሊቲ ነው፣ ሳይን አድርግልኝ» ስትዪኝ ስምዖንና ሚስቱ ጸሃይነሽ ሳሎን ተቀምጠዋል። በሰዓት ይሄን ያህል ታስከፍላለች የሚል ወረቀት በእንግዳ ፊት ይወጣል? «ሽንት ጨርቅሽን ስቀይር በሰዓት አስከፍዬሻለሁ?» አልኩሽ፣ ሁሉም ሳቀ። አንቺም የሳቅሽ መስሎኝ ነበር። ብቻዬን ስሆን ብታመጪው እፈርመው ነበር። ጠበቃ ነሽ፤ አባትሽንም ታውቂዋለሽ። መልሰሽ ማምጣት ነበረብሽ።

ከዚያ ለፍርድ ቤቱ ውል የለም ብለሽ ጻፍሽ። ለኔም በዚህ ጉዳይ ልቆምልህ አልችልም፣ ሌላ ሰው ያዝ ብለሽ ሄድሽ። ሌላ ሰው ከየት ላምጣ? ስምዖን በየቀኑ ያደማኛል። «ልጅህ ለኛ ነው ወይስ ለካውንስሉ ነው የምትሠራው?» ይለኛል። የሱን ሚኒባስ ባንክ ወስዶት በሰው መኪና ዕቃ ያድላል። ጸሃይነሽ ቤተ ክርስቲያን ስታየኝ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስባለች። ሲሶው ሲከፈል ለመኪናህ ይሆናል ብዬ ቃል ገብቼለታለሁ፤ መቼም አንቺ ከአባትሽ ገንዘብ አትወስጂም።

ባለፈው ማክሰኞ ብቻዬን ቀረብኩ። ወጪውን የሚያየው ዳኛ ሌላ ነው፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። አስተርጓሚ ይምጣልዎት ወይ አሉኝ፣ አያስፈልገኝም አልኩ። መጽሐፍ ቅዱሱን አስያዙኝ። ከልጅዎ ጋር ውል ነበራችሁ ወይ አሉኝ። ስምዖን ከኋላዬ ሲተነፍስ ይሰማኛል። «ነበረን፣ ፈርሜያለሁ» አልኩ። የታለ አሉ። «እሷ ጋ ነው የነበረው፤ ጠፍቶባት ነው» አልኩ።

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። ልጅዎ ውል የለም ብላ ፈርማ ለዚህ ፍርድ ቤት ልካለች፤ እርስዎ የሚሉት እውነት ከሆነ የዋሸችው እሷ ናት ማለት ነው፤ የሥራ ፈቃዷን የሚነካ ነገር ነው፤ ገብቶዎታል ወይ አሉኝ። ገብቶኛል አልኩ። እንደገና ጠየቁኝ። እንደገና ገብቶኛል አልኩ።

ስለ መጽሐፍ ቅዱሱ ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው ስግደት ሰጥተውኛል። ጉልበቴ እምቢ እያለኝም እየሰገድኩ ነው፤ ለሱ አታስቢ።

እንግዲህ መንገዱ ሁለት ነው። ወይ መጥተሽ ውሉ ነበር፣ እኔ ነኝ የረሳሁት ትያለሽ፤ ወይ አባቴ ዋሽቷል ትያለሽ። ዳኛ ፊት የዋሸ ሰው እንደሚታሰር ስምዖን ኢንተርኔት ላይ ቼክ አድርጎ ነግሮኛል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ እስር ቤት ብገባ እወጣለሁ ብለሽ ነው? አንቺ ገና ልጅ ነሽ። ፈቃዱን ቢወስዱብሽ እንኳ የተማርሽውን አይወስዱብሽም። የአክስትሽ ልጅ ፋንታዬ የምትሠራበት ሆስፒታል ሪሴፕሽን ላይ ሰው ይፈልጋሉ። ስምሽን ሰጥቻታለሁ፣ አፕላይ እንድታደርጊ ሊንኩን ትልክልሻለች። ሥራው ቀላል ነው፣ ተቀምጠሽ ነው የምትሠሪው፤ ለወገብሽም ጥሩ ነው።

የማልወድሽ እንዳይመስልሽ። እዚህ አርችዌይ ሰፈር ልጄ ሶሊሲተር ናት ያላልኩት ሰው የለም። ባስ ላይ አጠገቤ ለሚቀመጥ ለማላውቀው ሰው ሁሉ እናገር ነበር።

ሁለተኛ ምን ነበር? አዎ፣ እናትሽ። ማክሰኞ ምን እንዳልኩ አልነገርኳትም። ልጃችን ሐሙስ ፍርድ ቤት ትቀርባለች ስላት ግን እንዴት ደስ እንዳላት። ሁልጊዜ በሥራ ቀን እየሆነባት ስትከራከሪ አይታሽ አታውቅም። አሁን ከሥራ ፈቃድ ወስዳለች፣ ፀጉሯንም ትሠራለች። «የምትለው ባይገባኝም ቆማ ስትናገር ልያት» አለች። አትምጪ ልላት አስቤ ነበር፤ ከዚያ ግን ትምጣ አልኩ። ፊት ያለው ወንበር ላይ፣ አጠገቤ ትቀመጣለች። ከምትቆሚበት ቦታ ቀና ስትዪ የምታዪው እሷን ነው።

በይ የኔ ልጅ፣ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥሽ። የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ። ስምሽን በሰው ፊት ከፍ ያድርግልሽ፣ ከክፉ አንደበት ይሰውርሽ። የአባት ምርቃት ነው፣ ይድረስሽ።

የሚሳሳልሽ አባትሽ